የተጨመረ ጌጅ ሲሳሳት፦ ከጠቋሚው እስከ ሴንሰሩ ደረጃ በደረጃ መመርመር

ከደጀን ወርደን የዓባይን ድልድይ ተሻግረናል። ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ስንይዝ እየመሸ ነበር። መብራት አበራሁ። ከዳሽቦርዱ በታች ያስገጠምኩት የሙቀት ጌጅ ጠቋሚ በዚያችው ቅጽበት ከ90 ተነስቶ 115 ላይ ቆመ። ልቤ ቀጥ አለ። መኪናውን ዳር አስይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። እንፋሎት የለም። የሚንጠባጠብ ውሃ የለም። የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን፣ በየመንገዱ እየቆምን፣ በስንት ሐሳብ አዲስ አበባ ገባን።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ጌጁን አይቶ "የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ሞተሩ ይከፈታል" አለኝ። በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ዋጋውንም ነገረኝ። እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ያን ማታ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቼ መብራቱን አበራሁ። ጠቋሚው ወጣ። አጠፋሁ፤ ወረደ። እንደገና አበራሁ፤ እንደገና ወጣ። ሞተር ውስጥ ያለ ውሃ በአንድ ሰከንድ 25 ዲግሪ ሞቆ በአንድ ሰከንድ ሊቀዘቅዝ አይችልም። ቴስታታው ምንም አልሆነም ነበር። ከጌጁ ጀርባ የሚወጣው የማሳ ሽቦ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰው) የታሰረው ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ነበር። ቀለሙን ፍቄ መልሼ አሰርኩት። ችግሩ በዚያው ጠፋ።

የተጨመረ ጌጅ ስል ፋብሪካው ያልገጠመውን፣ እኛ በኋላ ገዝተን ያስገጠምነውን ነው። አገር አቋራጭ ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎች፣ አሮጌ ኮሮላዎችና ላንድክሩዘሮች ላይ ይታያል። ሰው የሚያስገጥመው በምክንያት ነው። የፋብሪካው የሙቀት ጠቋሚ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የለውም። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ሞተሩ በጣም እስኪግል ድረስ መሃል ላይ ቆሞ እንዲታይ ሆኖ ነው የተሠራው። ለዘይት ግፊት ያለው አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ናት፤ እሷም የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ ጥሩ ጌጅ ሞተር ያድናል። የተበላሸ ጌጅ ግን ወይ ጤነኛ ሞተር ያስከፍታል፣ ወይ የታመመ ሞተር ያስነዳል።

እኔ የምከተለው አንድ ደንብ ነው። ጌጁ መሳሳቱን እስካረጋግጥ ድረስ እውነቱን እንደተናገረ እቆጥረዋለሁ። ሞተሩ መታመሙን በሌላ መሣሪያ እስካረጋግጥ ድረስ ደግሞ ሞተሩን አላስከፍትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አትርፉ

እየነዳችሁ የዘይት ግፊት ጌጁ ዜሮ ከገባ ወዲያው ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። "ጌጁ ይሆናል" ብላችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር አትጨምሩ። ግፊቱ በእውነት ጠፍቶ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው፤ ለመበላሸት ደግሞ ደቂቃዎች ይበቁታል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ። ቁልፉን ስትከፍቱ የፋብሪካው ቀይ የዘይት መብራት በርቶ፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል ወይ? ከጠፋ ትንሽ መጽናኛ ነው። ማረጋገጫ ግን አይደለም።

የሙቀት ጌጁ ወደ ቀይ ከሄደ ደግሞ ቁሙ፣ አጥፉ፣ ጠብቁ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ። ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ላዩ ላይ ያለውን ወፍራም ጎማ በእጃችሁ ጨብጣችሁ መያዝ እስክትችሉ ድረስ ክዳኑን አትንኩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ አደጋ አለ። እየጋለ የነበረ ጠቋሚ ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ቢወርድ "ተመስገን፣ ቀዘቀዘ" አትበሉ። የሙቀት ሴንሰር፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ታስሮ ለጌጁ የሚለካው ዕቃ፣ በትክክል የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቀመጥ ነው። ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በዚህ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። የሚለካው ነገር ነው ያለቀው።

ምን ያስፈልጋል

ርካሽ መልቲሜትር ይበቃል። ከሱ ጋር ሁለት ሜትር ያህል ሽቦ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ ካቻቪቴና የቡሎን ቁልፎች፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር ያዙ። ከሩቅ የሚለካው ሽጉጥ መሰሉ ቴርሞሜትር ካላችሁ እሰየው። ግን የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ስታነጣጥሩት ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ቦታው ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጥፉ፣ ከዚያ ናስትሮው ላይ ለኩ።

የጌጁን ዓይነትም ለዩ። ከጀርባው ሽቦ ብቻ የሚወጣለት ከሆነ ኤሌክትሪካል ነው። ቀጭን ቱቦ ወይም የመዳብ ጅማት የሚወጣለት ከሆነ ሜካኒካል ነው። ሴንሰሩ ላይ ሦስት ሽቦ ካለ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ለሱ ምርመራው ይለያል፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጠቋሚው ራሱ ምን ይላል?

መልቲሜትር ከማንሳታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ጠቋሚውን ተመልከቱ። ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ የሙቀት ጠቋሚ ከዘለለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም በቅጽበት ጫፍ ከደረሰ ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው። መብራት፣ ፍሬቻ ወይም የዝናብ መጥረጊያ ሲበራ አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማሳን ነው። ጉድጓድ ላይ ሲዘል የላላ ሽቦ ነው። እንደ ሞተሩ ፍጥነት እየተከተለ ከፍ ዝቅ የሚል የዘይት ጌጅ ግን ሥራውን እየሠራ ነው፤ የዘይት ግፊት ከሞተሩ ዙር ጋር መውጣትና መውረድ አለበት።

ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ ዳገት ላይ ጨምሮ፣ ቁልቁለት ላይ የሚወርድ የሙቀት ጠቋሚ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። የዓባይን ዳገት ስትወጡ 90 የነበረው 98 ቢደርስና ጎሃ ጽዮን ላይ ቢመለስ አትደንግጡ። 105 አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ቁሙ።

መለኪያውን በምን እንደጻፉትም አስተውሉ። ከአሜሪካ የመጣ ጌጅ ላይ 195 ስታዩ ፋራናይት ነው፤ በእኛ 91 ዲግሪ ማለት ነው፣ ጤነኛ ነው። የዘይቱ ጌጅም ባር ሊሆን ይችላል፣ ፒኤስአይም ሊሆን ይችላል። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ኮረንቱና ማሳው

ከሁሉ በፊት ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካረፈ በኋላ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ማድረስ አለበት። ከ15 ካለፈ ዲናሞው ራሱ ታሟል። ያ ከሆነ ጌጅ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው። የጭነት መኪና ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ሁለት ባትሪ ተያይዞለት በ24 ቮልት የሚሠራ ብዙ አይሱዙ አለ። ለ12 ቮልት የተሠራ ጌጅ እዚያ ላይ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ የማይታመን ቁጥር ያሳያል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ቀጥሎ ጌጁን ከቦታው አውጥታችሁ ከጀርባው ኮረንት መግባቱን ለኩ። ቁልፉ ተከፍቶ በጌጁ ፖዘቲቭና በጌጁ ማሳ መካከል የባትሪውን ያህል ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ምንም ከሌለ ፊውዙን እዩ። ፊውዝ የሌለው ከሆነ ዛሬውኑ ጨምሩለት፤ ለአንድ ጌጅ 3 አምፒር ይበቃል። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ከዳሽቦርድ ጀርባ ቢፋቅ መኪና ያቃጥላል።

አሁን ወደ ማሳ። ማሳ የምለው ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘውን መስመር ነው። በኔ ልምድ ከየትኛውም ዕቃ በላይ ጌጅን የሚያሳስተው ይህ ነው። አለካኩ ቀላል ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ትልቁ መብራት በርቶ፣ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የጌጁ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያዙ። ዜሮ ወይም ከ0.1 ቮልት በታች ካያችሁ ጥሩ ነው። ከ0.2 ካለፈ ማሳው መጥፎ ነው። እንደዚሁ በሞተሩ ብረትና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ለኩ፤ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ለምን መብራት ሲበራ ጠቋሚው እንደሚወጣ ልንገራችሁ። ጌጁ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖልና ጌጁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማሳ ይጋራሉ። ማሳው መጥፎ ሲሆን የአምፖሏ ኮረንት መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣ በጌጁ በኩል ዞሮ በሴንሰሩ ሽቦ ወደ ሞተሩ ይወጣል። ጌጁ ደግሞ በሴንሰሩ መስመር ብዙ ኮረንት ሲያልፍ "ሙቀት ጨመረ" ብሎ ነው የሚያነበው። እኔ ጎሃ ጽዮን ዳገት ላይ ያየሁት 115 የአምፖል ኮረንት ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ የሚያበራ ብረት አውጡ፣ ሽቦውን በቡሎን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ላዩን ትንሽ ግሪስ ቀቡት። ከአንድ በላይ ጌጅ ካላችሁ የሁሉንም ማሳ አንድ ጥሩ ቦታ ላይ ሰብስቡ። በጥቅልል የተያያዘና በናስትሮ ብቻ የተሸፈነ ሽቦ ካገኛችሁ ፈታችሁ በሊድ አጣብቁት። የጌጁን ፖዘቲቭ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኮረንት ከሚያገኝ መስመር ውሰዱ፤ በቀጥታ ከባትሪ የተወሰደ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሲያድር ባትሪ ይበላል።

የጂ ፊደል ወጥመድ

ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። የአሜሪካ ዓይነት ጌጆች ጀርባ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ታገኛላችሁ፦ አይ፣ ኤስ፣ ጂ። አይ ከቁልፍ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው፣ ኤስ የሴንሰሩ ነው፣ ጂ ማሳው ነው። በጀርመኑ ኩባንያ በቪዲኦ ጌጆችና እነሱን ተከትለው በተሠሩት ላይ ግን ጂ የሴንሰሩ ነው፤ በጀርመንኛ ሴንሰሩን "ጌበር" ነው የሚሉት። አንድ ፊደል፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ። የመጀመሪያውን የለመደ ኤሌክትሪሻን ሁለተኛውን ሲያስር ማሳውን ከሴንሰሩ ጋር ያቀያይረዋል። ጌጁ አዲስ ሆኖ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ሴንሰሩን ከጌጁ መለየት

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ሽቦ ብቻ ለሚገባበት ተራ ሴንሰር ነው የሚሠራው።

ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ሽቦውን ከሴንሰሩ ላይ ንቀሉና አየር ላይ ተዉት። የሙቀት ጌጅ ከሆነ ጠቋሚው እስከ መጨረሻው ወደ ቀዝቃዛ መውረድ አለበት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ለሁለት ሰከንድ የሞተር ብረት አስነኩት። ጠቋሚው እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ መሄድ አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ የቀረው ሴንሰሩ ነው፣ ወይም ሞተሩ ራሱ። ካልተነቃነቀ ይህንኑ ፈተና ጌጁ ጀርባ ላይ ድገሙት። እዚያ ላይ ከተንቀሳቀሰ ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሷል ማለት ነው። ሽቦው ተነቅሎም ወደ ሙቅ እንደወጣ ከቀረ አንድ ቦታ ላይ ተፍቆ ብረት ነክቷል፤ ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍባትን ቀዳዳ መጀመሪያ እዩ።

ለዘይት ጌጅም ፈተናው ያው ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። የቪዲኦ ዓይነት ሴንሰር ኮረንት የመከልከል አቅሙ ግፊት ሳይኖር 10 ኦም ነው፣ ግፊቱ ሲሞላ 180 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሽቦው ሲነቀል ጠቋሚው ጫፍ ይወጣል፣ ብረት ሲነካ ዜሮ ይገባል። የአሜሪካው ግን ከ240 ኦም ተነስቶ ግፊት ሲጨምር ወደ 33 ይወርዳል። ሲነቀል ዜሮ፣ ብረት ሲነካ ጫፍ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣ ትልቅ ትምህርት አለ። የአንዱን ጌጅ ከሌላው ሴንሰር ጋር አታጋቡ። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ሄዳችሁ "የዘይት ሴንሰር" ብላችሁ ብቻ ከገዛችሁ ክሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል። ጌጁን ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ ሁለቱን በአንድ ካርቶን ግዙ።

ሦስት ሽቦ ያለውን ሴንሰር ግን ብረት አታስነኩ። እሱ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። አንዱ ሽቦ 5 ቮልት ያመጣለታል፣ አንዱ ማሳ ነው፣ ሦስተኛው መልሱን ይወስዳል። ሳትነቅሉ በመልሱ ሽቦና በማሳው መካከል ለኩ። ለተለመደው የግፊት ሴንሰር ሞተሩ ጠፍቶ 0.5 ቮልት አካባቢ፣ ግፊቱ ሲሞላ 4.5 አካባቢ ነው። 5 ቮልቱ ራሱ ካልመጣ ችግሩ ጌጁ ወይም ሽቦው ነው።

ሴንሰሩን በሚፈላ ውሃ መፈተን፤ ከፍታውን አትርሱ

የሙቀት ሴንሰሩን ከተጠራጠራችሁ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ፍቱት። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ፤ አንዱ ጫፍ ሽቦው በሚገባበት ራስ፣ ሌላው በሴንሰሩ ብረት አካል ላይ። ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ባለ ውሃ ንከሩት። የድስቱን ታች አይንካ፣ ራሱም ውሃ አይግባበት። ከጎኑ ቴርሞሜትሩን አስገቡና ውሃውን ቀስ ብላችሁ አሙቁ።

ሙቀቱ ሲጨምር ኦሙ ያለማቋረጥ መውረድ አለበት። እስከ 120 ዲግሪ ለሚያሳየው የተለመደ የቪዲኦ ሴንሰር በ40 ዲግሪ ወደ 290፣ በ60 ወደ 134፣ በ80 ወደ 70፣ በ90 ወደ 50 ኦም ነው። ሌላ ዓይነት ከሆነ ቁጥሩ ይለያል፤ አወራረዱ ግን ያው ነው። መሃል ላይ ከዘለለ፣ ከተቋረጠ፣ ወይም ከነአካቴው ካልተነቃነቀ ሴንሰሩ ሞቷል።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ነገር። "ውሃ በ100 ይፈላል" የሚለው ባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር በ94፣ ድሬዳዋ በ96 አካባቢ። ሴንሰሩን ከጌጁ ጋር እንደተያያዘ በሚፈላ ውሃ የፈተነ ሰው 92 አይቶ "8 ዲግሪ ይቀንሳል" ብሎ ጥሎታል። ጌጁ ግን ልክ ነበር። እንዲህ ስትፈትኑ የሴንሰሩን አካል በሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት አትርሱ፤ ያለዚያ ጠቋሚው አይነቃነቅም።

ይኸው ከፍታ ሌላ ስህተትም ያመጣል። የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ ነው በቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው። 0.9 (ባር ማለት ነው) የተጻፈበት ክዳን ጤነኛ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ንጹህ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ካረጀና ካላፈነ ግን በ92 ይፈላል። ጌጁ 92 እያሳየ ራዲያተሩ እየፈላ ከሆነ ሰው "ጌጁ አይሠራም" ይላል። ጌጁ ትክክል ነው፤ ክዳኑ ነው የሚቀየረው።

ሴንሰሩ የተገጠመበት ቦታ

ሴንሰሩ ደህና ሆኖ አገጣጠሙ ሊያሳስት ይችላል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በክሩ በኩል ከሞተሩ ብረት ነው። ክሩን በቴፍሎን ብዙ ጊዜ ከጠቀለላችሁት ከብረቱ ትለዩታላችሁ። ጌጁ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ያነባል ወይም ይዘላል። ሴንሰሩ ታስሮ ሳለ ከአካሉ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ኦም ለኩ፤ ከ1 ኦም ብዙ መብለጥ የለበትም።

የባሰው ደግሞ የራዲያተሩን ጎማ ቆርጠው መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አስገብተው ሴንሰሩን እዚያ ላይ ሲያስሩት ነው። ቱቦው ሁለቱም ጎኑ ጎማ ነው። ጎማ ኮረንት አያስተላልፍም። በውስጡ ባለው ውሃ በኩል ትንሽ ስለሚያልፍ ጌጁ የሞተ አይመስልም፤ የማይታመን ቁጥር ያሳያል። ከቱቦው ላይ የራሱ ማሳ ሽቦ ወደ ሞተሩ መሄድ አለበት። አንዳንዱ ቱቦ ለዚሁ ተብሎ የተሠራች ትንሽ ቡሎን አለችው።

ክሩንም አታስገድዱ። የብዙ ቶዮታዎች የዘይት ሴንሰር ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣው ሴንሰር 27 ነው። በእጅ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ "በቁልፍ ልግፋው" ያሰኛል። ክሩ ይበላሻል ወይም ቤቱ ይሰነጠቃል። ማገናኛ ግዙለት። ከባድ የዘይት ሴንሰር በነሐስ ማገናኛ ላይ ተንጠልጥሎ በሞተሩ መንቀጥቀጥ እንደሚሰበርም አስቡ፤ በአጭር የግፊት ጎማ አድርጋችሁ ሴንሰሩን ቦዲው ላይ ብታስሩት ይሻላል።

የተጨመረ ጌጅ ሽቦን ከሞተሩ ኮምፒውተር ሴንሰር ላይ ቀጥለው የሚያስሩም አሉ። እንቢ በሉ። ጌጁም ኮምፒውተሩም ይሳሳታሉ፣ መኪናው ነዳጅ ይበላል።

የዘይት ግፊትን በሁለተኛ ጌጅ ማረጋገጥ

ኤሌክትሪኩ ሁሉ ደህና ሆኖ ግፊቱ አሁንም ዝቅ ካለ በሜካኒካል ጌጅ አረጋግጡ። ጥሩ ጋራዥ ሁሉ አለው። ሴንሰሩ ተፈትቶ ጌጁ በቦታው ይታሰራል፣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይነሳል። ብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ሲሞቁ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ ሲዞር) ቢያንስ 0.3 ባር፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ይፈለግባቸዋል። በሚኒሞ ያለው ቁጥር ሰው ከሚጠብቀው በጣም ያንሳል። ጠዋት በብርድ 4 ባር ያሳየ ጌጅ ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ 1 ባር ቢያሳይ ዘይቱ ቀጥኖ ነው፣ በሽታ አይደለም። ሜካኒካሉም ዝቅ ካለ ግን ጌጁን ተዉት። አሁን ስለ ሞተሩ ከመካኒክ ጋር የምታወሩበት ሰዓት ነው።

መኪናው ውስጥ፣ ሹፌሩ ፊት በቋሚነት የተገጠመ ሜካኒካል የዘይት ጌጅ ካላችሁ ቀጭኗን ቱቦ በየጊዜው ዳስሱ። ውስጧ ትኩስ ዘይት አለ። ፕላስቲክ ከሆነች በመዳብ ወይም በተጠናከረ ጎማ ቀይሯት። ሜካኒካል የሙቀት ጌጅ ደግሞ ጅማቱ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ አይጠገንም፤ ጠቋሚው ታች ይቀራል፣ ሙሉው ይቀየራል።

ሌሎቹ ጌጆች

የነዳጅ ጌጅ ተገልብጦ ካነበበ፣ ሲሞላ ባዶ ካለ፣ ሴንሰሩና ጌጁ የተለያዩ ናቸው። የቶዮታ ታንክ ሲሞላ ወደ 3 ኦም፣ ሲጎድል ወደ 110 ነው፤ የቪዲኦ ጌጅ ደግሞ ሲሞላ 180 ይጠብቃል። የዙር ቆጣሪ ግማሹን ወይም እጥፉን ካሳየ ጀርባው ላይ ያለችውን የሲሊንደር ቁጥር መምረጫ አስተካክሉ።

የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ባዶነት የሚለካው) ላይ ግን ልቆይ፤ በደጋ አገር ብዙ ሞተር በከንቱ ያሳማል። ከጌጁ ጋር የሚመጣው ወረቀት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላል። ያ ባሕር ወለል ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ከ11 እስከ 14 ያሳየ ጌጅና ሞተር ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። የቱርቦ ጌጅም እንዲሁ። አንዳንዱ ኤሌክትሮኒክ ጌጅ ዜሮው ለባሕር ወለል የተስተካከለ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ 0.25 ባር ያህል ከዜሮ በታች ያሳያል። ዜሮ ማድረጊያ ቁልፍ ካለው እዚሁ አስተካክሉት። ከዚያ ውጭ የቱርቦና የቫኪዩም ጌጅ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ነው፤ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ይተነፍሳል። አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ካስተካከላችሁ በኋላ

ውሃ ፈስሶ ከነበረ ሞልታችሁ፣ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩን ከብርድ አስነሱ። አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁና ክዳኑን ዝጉ፤ ሴንሰሩ ጋ የቀረ አየር ሁሉን ሥራችሁን መና ያስቀረዋል። ከዚያ ጠቋሚው ሲወጣ ተከታተሉ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ፣ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ ተከፍቷል። በ82 የሚከፈት ቴርሞስታት ከሆነ ጌጁም በዚያው አካባቢ መሆን አለበት። መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ፍሬቻውን አንድ በአንድ አብሩ። ጠቋሚው መነቃነቅ የለበትም።

ከዚያ ዳገት ያለው መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ንዱት። ጠቋሚው የሚያርፍበትን ቦታ እዩና ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ በነጭ ቀለም ትንሽ ነጥብ አድርጉ። መኪናውን ሌላ ሰው ሲነዳው ከነጥቧ ሲያልፍ ደውልልኝ በሉት።